የባሕር ቅመምና የአእምሮ ደጃፍ

የአማርኛ ቋንቋችን በባሕርና በሐይቅ መካከል አጥር አላቆመም። በጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብሎ የሰየመ ሕዝብ፥ ጨው ያለበትንም ጨው የሌለበትንም ሰፊ ውሃ ባሕር እያለ ኖሯል፤ በየአጥቢያው ለበዓል የሚዘጋጀው ኩሬ እንኳ ባሕረ ጥምቀት ይባላል። ስለዚህ ዛሬ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁመን በባሕር ውስጥ ስለሚገኘው ቅመም ብንናገር፥ የባሕር በር የሌላት አገር ስለ ባሕር ምን አገባት የሚል አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ነገሩ ከሩቅ ውቅያኖስ ይነሣል፤ የሚያርፈው ግን ከዚሁ ከአጠገባችን ነው።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ሐይቋ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ መውጫ የሌለው ውሃ የገባበትን ሁሉ ይዞ የሚቀር ውሃ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ክረምት ሊወጣ ሲል ለሥራ ወደዚያ ወርዶ ሳለ፥ አንድ ማለዳ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሄደ። ጀልባዎቹ ይገባሉ፤ መረቡ ይራገፋል፤ ቆሮሶውና አምባዛው በቢላዋ ይሰነጠቃል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም አሞሮች እንደ ደጅ ጠኚ ተሰልፈው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ጥሬውን ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ሰዎች ከበው ቁመዋል። ከዳሩ ግን ውሃው እንደ ተቀቀለ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ፥ ነፋስ የገፋው አተላ በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ የሚሆን አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደዚያ ስመለከት አይቶ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የተማሩ ሰው ይመስላሉ። ይህን አረንጓዴውን ነገር ከብት ከጠጣው ያዞረዋል የሚሉ አሉ፤ ለመሆኑ የሰውንስ ራስ ያዞራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወንድሜ፥ ጠይቄ እመለሳለሁ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ለዚያ ሰው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አእምሮ አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሰው አእምሮ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ያሉበት መሆኑን ሊቃውንት ቈጥረው ተናግረዋል። እነዚህ ሕዋሳት በአብዛኛው እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክፍተት አለ። አንዱ ለሌላው ትእዛዝ ሲያስተላልፍ በዚያ ክፍተት ላይ መልእክተኛ የሆነ ቅመም ይልካል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሕዋስ ደግሞ መልእክተኛውን የሚቀበልበት ደጃፍ አለው። ይህን ደጃፍ የዘመኑ ሳይንስ «ተቀባይ» ይለዋል። በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ደብዳቤ ማኅተም የሌለበት እንደ ሆነ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። የአእምሮም ደጃፍ እንዲሁ ነው፤ ማኅተሙን ሲያይ ይከፈታል፥ ካላየ አይከፈትም። ነገር ግን ደጃፉ የሚያውቀው ማኅተሙን እንጂ የላኪውን ማንነት አይደለም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ቅመም የማኅተሙን መልክ የያዘ እንደ ሆነ፥ ደጃፉ ያለ ምርመራ ይታዘዝለታል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በሐዋሳ ዙሪያ ያለው የሲዳማ ደጋ ቡናውን ለዓለም የሚያቀርብ አገር ነው። ሰው ሲደክም በአእምሮው ውስጥ አዴኖሲን የሚባል መልእክተኛ እየተከማቸ «ተኛ፥ ዕረፍ» የሚለውን ትእዛዝ ያደርሳል። ካፌይን የተባለው የቡና ቅመም መልኩ ለአዴኖሲን የቀረበ ስለ ሆነ፥ በዚያው ደጃፍ ገብቶ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ደጃፉን አይከፍትም። የድካም መልእክተኛ ሲመጣ ወንበሩ ተይዞ ያገኘዋል። ማኅሌት ለመቆም ቡና የሚጠጣ ደብተራም፥ በመዝገብ ላይ የሚያመሽ ጸሐፊም ይህንኑ ብልሃት ሳያውቁት ሲሠሩበት ኖረዋል። የትምባሆው ኒኮቲንና የወንዶው ጫት ያለው ካቲኖንም እያንዳንዳቸው በዚሁ በአእምሮ ደጃፍ አካባቢ የራሳቸው ተንኮል አላቸው።

እነዚህ የየብስ ዕፀዋት ናቸው። በባሕር ውስጥ ያለው ሕይወት ግን ከየብሱ ይልቅ ዕድሜው እጅግ የቆየ ነው፤ ይልቁንም ከስፍራው መሸሽ የማይችለው ፍጥረት፥ ጥርስም ጥፍርም ስለሌለው፥ ራሱን የሚጠብቀው በቅመም ነው። ስለዚህ የማኅተም አስመሳዮች በባሕር ውስጥ ቢበዙ አያስደንቅም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ የጃፓን ታሪክ ነው። በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ ዲጄኔያ የሚባለውን ቀይ የባሕር ሣር አፍልተው፥ ወስፋት ለማስወጣት ይጠጡት ነበር። እኛ ኮሶና እንቆቆ መተሬም እንደምንጠጣ ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የጃፓን ሊቃውንት ከዚያ ሣር ውስጥ ወስፋቱን የሚያደነዝዘውን ቅመም ለይተው አወጡ፤ ስሙንም ከሣሩ ስም ወስደው ካይኒክ አሲድ አሉት። ከ1970 ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ይህ ቅመም ግሉታሜት የሚባለውን፥ በአእምሮ ውስጥ «ንቃ፥ ተነሣ» የሚለውን ዋና መልእክተኛ የሚመስል ሆኖ ተገኘ። የሣሩ ቅመም በደጃፉ ሲገባ ግን ትእዛዙ ከልክ ያልፋል፤ የነርቭ ሕዋሱ ያለ ዕረፍት ሲነቃ ቆይቶ ተቃጥሎ ይሞታል። እነሆ ዛሬ በሰው አእምሮ ውስጥ ካሉት የግሉታሜት ደጃፎች አንደኛው ወገን በዚያ በባሕር ሣር ስም «የካይኔት ተቀባይ» ተብሎ ይጠራል። ሰው በራሱ ራስ ውስጥ ያለውን በር በሣር ስም መጥራቱ የሚያስገርም ነው።

ከዚህም ጥቅም ተገኝቷል። በሙከራ ቤት ይህ ቅመም የተሰጣት አይጥ የሚጥል በሽታ እንደ ያዘው ሰው ትንፈራገጣለች፤ ስለዚህ ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚፈልጉ ሐኪሞች በእርሱ እየተረዱ ይመረምራሉ። በየጠበሉ ስፍራ በዚህ ደዌ የሚሠቃዩትን የሚያዩ ካህናት የነገሩን ክብደት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለ መጠንም አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ኮሶም ቢሆን ከልኩ በላይ ሲጠጣ የዐይንን ብርሃን የሚጎዳ መሆኑን ሐኪሞች ጽፈዋል። ትሉን የሚገድለው ሰውየውን አይነካም ማለት አይደለም።

ይህ ነገር ከሙከራ ቤት ወጥቶ በገበታ ላይ የታየው በ1987 ነው። በዚያ ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥ ወር በካናዳ አገር፥ ልዑል ኤድዋርድ ከሚባለው ደሴት የመጣ፥ መስል የሚሉትን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ። በመጀመሪያ ትውከትና ቁርጠት ሆነ፤ ቀጥሎ ራስ ምታትና መፍዘዝ፥ በአንዳንዶቹም ላይ መንፈራገጥ ታየ። ከነዚያ ውስጥ የሞቱ አሉ፤ ይልቁንም አዛውንቶቹ በጽኑ ተጎዱ። ከሞት የተረፉት ላይ የታየው ግን ሐኪሞቹን አስጨነቀ። ሕመምተኛው የልጅነቱን ታሪክ አይረሳም፤ ጥዋት የበላውን ግን ማታ አያውቀውም፤ ሐኪሙን ዛሬ ተዋውቆት ነገ እንደ እንግዳ ይቀበለዋል። የሞቱትም አእምሮ ሲመረመር፥ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት የአእምሮ ክፍል ተቃጥሎ ተገኘ። ለጸሐፍት ሰዎች በሚገባ ቋንቋ ብንናገር፥ የቆየው መዝገብ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ አዲስ ፋይል የሚከፍተው ጸሐፊ ግን ሞቷል።

የካናዳ ሊቃውንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ምክንያቱን አገኙ። ነገሩ ዶሞይክ አሲድ የሚባል፥ የካይኒክ አሲድ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቅመም ነበር። ይህንም ጃፓኖች ቀድሞ በ1958 ከሌላ የባሕር ሣር አውጥተውት ነበር። በካናዳ ግን ያመነጨው ሣር አልነበረም፤ በዐይን የማይታይ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቂቅ ዋቅላሚ ነበር። መስሉ ውሃውን እያጠራ ሲመገብ መርዙን በሥጋው አከማቸው፤ ራሱ ግን አልታመመም። እሳት መርዙን አላጠፋውም፤ የተቀቀለውም እንዳልተቀቀለው ጎዳ። ከዚያ ወዲህ የካናዳ መንግሥት በአንድ ኪሎ ሥጋ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘበትን መስል እንዳይሸጥ ከልክሎ፥ የባሕሩን ውሃና መስሉን ዘወትር ያስመረምራል። እኛን የመሰጠን ነገር መርዙ መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ በቀናት ውስጥ መገኘቱ ነው። መሣሪያውም፥ ሰዉም፥ ናሙናውን የሚያደርሰው መኪናም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለ ነበረ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥፋት ነው። ነገር ግን በዚያው ባሕር ውስጥ ደጃፉን የሚዘጋና ሕመምን የሚያስታግሥም ቅመም አለ። ዛጎሉ ሾጣጣ ከሆነው የባሕር ቀንድ አውጣ ወገን ዓሣ አዳኝ የሆነ አለ። ቀንድ አውጣ ሮጦ ዓሣ ይይዛል ቢባል የሚያምን የለም፤ እርሱም አይሮጥም። እንደ ጦር የተሳለች ባዶ ጥርሱን መርዝ ሞልቶ ይወረውራል፤ ዓሣውም ወዲያው ይደርቃል። ከነዚህ ወገን ኮነስ ጂኦግራፈስ የተባለው ሰውን ሳይቀር ይገድላል። ይህ ቀንድ አውጣ በቀይ ባሕርም አለ። የሚያስደንቀው ግን በመርዙ ውስጥ ከሚገኙት ቅመሞች አንዱ በሕፃናት አይጦች ላይ ሲሞከር ማስተኛቱ ነው፤ ቀደም ብለን ከጠቀስነው የግሉታሜት ደጃፎች አንዱን ወገን ይዘጋልና። ያደጉትን አይጦች ግን ያቅበጠብጣቸዋል። አንዱ ቁልፍ በልጅ ቤትና በአዋቂ ቤት ልዩ ልዩ ሥራ መሥራቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የሐኪሞች ክርክር ረጅም ነው፤ ለዚህ ገጽ አይበቃም።

የፊሊፒንስ ተወላጅ የሆኑት ሊቅ ባልዶሜሮ ኦሊቬራ በአገራቸው ሳሉ የሙከራ መሣሪያ ስላልነበራቸው፥ በባሕራቸው ዳር በቀላሉ የሚገኘውን ይህን ቀንድ አውጣ ለመመርመር ተነሡ። በኋላም ወደ አሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ከተማሪዎቻቸው ጋር ሥራውን ቀጠሉ። ማይክል ማክንቶሽ የተባለ ወጣት ተማሪ ኮነስ ማገስ ከሚባለው ቀንድ አውጣ መርዝ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቅመም ለየ። ይህች ቅመም በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ሰረሰር ላይ የሕመም መልእክት የሚተላለፍበትን የካልሲየም በር ትዘጋለች። ዚኮኖታይድ የሚል ስም ወጥቶላት፥ በታኅሣሥ 2004 የአሜሪካ መንግሥት ለመድኃኒትነት ፈቀደ። ሞርፊን ለማይረዳቸው ጽኑ ሕመምተኞች በሰረሰሩ ውሃ ውስጥ በፓምፕ ጥቂት በጥቂት ትሰጣለች። እንደ ሞርፊን ሱስ አታስይዝም፤ ሕመምተኛውም እየለመዳት መጠኗ እንዲጨመርለት አይጠይቅም። ነገር ግን አእምሮን የማወክና የሌለ ነገር የማሳየት ጠባይ ስላላት፥ ሐኪም በብርቱ ጥንቃቄ ይሰጣታል። ከባሕር ትል የተገኘ አናባሴይን የሚሉት ሌላ ቅመምም መልኩ ጥቂት ተለውጦ፥ መርሳት ለሚያመጣው የእርጅና ሕመም ይረዳ እንደ ሆነ በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል።

ኦሊቬራ መሣሪያ ስለሌላቸው በደጃቸው ያለውን መመርመራቸው ለእኛም ትምህርት ነው። ከዚሁም ጋር ሌላ ነገር ይነሣል። በውሃ ውስጥ ያለ ደቂቅ ሕይወት የማን ነው? አንድ እንግዳ ከሐይቅ ዳር አንድ ጠርሙስ አረንጓዴ አተላ ቀድቶ በሻንጣው ቢሄድ፥ የአገር ሀብት ወሰደ የሚል ሰው ምናልባት አይገኝም፤ አተላ ነውና። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የወጣ፥ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የሚደነግግ አዋጅ ቍጥር 482 አላት፤ በዚህም ሕግ ደቂቅ ሕዋሳት እንደ ጤፉና እንደ ቡናው የአገር ሀብት ናቸው። ጤፋችን በ2005 በስምምነት ወደ ሆላንድ ኩባንያ ሄዶ የደረሰውን ሁሉ አንባቢ ያስታውሳል፤ ስለ ጤፍ ዱቄት ወጥቶ የነበረው የፈጠራ መብት በሔግ ፍርድ ቤት የፈረሰው በ2018 ነው፤ ከስምምነቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በጤፍ ይህን ያህል ከደከምን በማናውቀው አተላማ እንዴት እንደክም ይሆን! ስለዚህ በየሐይቁ ዳር ያሉ ሹማምንት ናሙና ለሚወስድ ተመራማሪ ደግ ፊት እያሳዩ ፈቃዱንም እንዲጠይቁት ማሳሰብ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይመስለንም።

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ፤ ዓሣ አጥማጁ የጠየቀን ስለ ጥቅሙ አልነበረምና። ያ አረንጓዴ አተላ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ የሚባሉት ደቂቅ ፍጥረታት ጉባኤ ነው። ሁሉም ክፉዎች አይደሉም። በሻላ አጠገብ ባለው በጪቱ ሐይቅ የሚበቅለው ስፒሩሊና ከነዚሁ ወገን ሆኖ ሳለ ምግብ ነው፤ ፍላሚንጎ የሚባሉት ቀያዮች አሞሮች በእርሱ ይኖራሉ፤ በቻድ አገርም ሰዎች አድርቀው ይበሉታል። ከወንድማማቾቹ መካከል ግን መርዘኞች አሉ። ከነዚህ አንደኛው አናቶክሲን የሚባለውን ቅመም የሚያመነጨው ነው። በካናዳ ሜዳዎች ሐይቅ ጠጥተው በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞቱ ከብቶችን ጉዳይ ሲመረምሩ የነበሩ ሊቃውንት፥ ስሙን ሳያውቁ በፊት «እጅግ ፈጥኖ የሚገድለው» እያሉ ይጠሩት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አእምሮ ጡንቻን ሲያዝ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ይልካል። ትእዛዙ ደርሶ ከተፈጸመ በኋላ ወረቀቱን የሚቀድድ ሎሌ በደጃፉ ተቀምጧል፤ ወረቀቱ ካልተቀደደ ትእዛዙ አያቆምምና። አናቶክሲን የመልእክተኛውን ማኅተም ይዞ ይገባል፥ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሎሌው ግን ይህን ወረቀት ሊቀድደው አይችልም። ጡንቻው ሳያርፍ ታዝዞ ታዝዞ ይደክማል፤ የመተንፈሻውም ጡንቻ ሲደክም እንስሳው ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል። ይህ ደጃፍ የትምባሆው ቅመም የሚገባበት ያው ደጃፍ ነው፤ በአእምሮም ውስጥ አለ። በኬንያ በቦጎሪያ ሐይቅ ፍልውሃ ዳር ከሚበቅለው አረንጓዴ ምንጣፍ ውስጥ ይህ መርዝ መገኘቱን ሊቃውንት በ2003 አሳትመዋል፤ በዚያ አካባቢ በብዙ ሺህ ለሞቱት ፍላሚንጎዎችም አንደኛው ምክንያት እርሱ እንደ ሆነ ገምተዋል። የኬንያው ስምጥ ሸለቆና የእኛው ስምጥ ሸለቆ አንድ መሆኑን፥ ፍላሚንጎዎቹም ድንበር ሳይጠይቁ ከዚያ ወደዚህ የሚመላለሱ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል።

ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የተጻፈውን ስንመለከት፥ ኤልሳቤጥ ከበደና አምኃ በላይ በ1994 ባሳተሙት ጥናት በሐይቁ ከሚኖሩት ዋቅላሚዎች መካከል ማይክሮሲስቲስ የሚባለው እንደሚገኝበት ታውቋል። በ2011 በታተመው፥ ሐዋሳን ጨምሮ የሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ውሃ በመረመረው ጥናት ደግሞ፥ ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዝ በነዚህ ሐይቆቻችን እንደሚገኝ ተገልጧል። ይህ መርዝ በመጀመሪያ የሚጎዳው ጉበትን ነው። በብራዚል በካሩዋሩ ከተማ በ1996 ኩላሊታቸው የታመመባቸው ሰዎች ደማቸው በሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ከ50 የማያንሱትን ገድሏል። የዓለም የጤና ድርጅት በሚጠጣ ውሃ ውስጥ የሚፈቅደው ልክ በአንድ ሊትር አንድ ማይክሮ ግራም፥ ይኸውም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ለአናቶክሲንም በ2020 ልክ ወጥቶለታል፤ በአንድ ሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው።

እንግዲህ አንድ የተለመደ ምክር አለ። ውሃ የተጠረጠረ እንደ ሆነ «አፍልታችሁ ጠጡ» እንላለን፤ የጤና ሠራተኛውም፥ መምህሩም፥ ካህኑም ይህን ያስተምራል። ለተቅማጥና ለመሰለው ተላላፊ በሽታ ምክሩ እውነተኛ ነው። ለዚህ መርዝ ግን አይረዳም፤ ማይክሮሲስቲን በመፍላት አይጠፋም። እንዲያውም አረንጓዴው ያለበት ውሃ ሲፈላ ደቂቁ ሕዋስ ይፈነዳና በሆዱ የያዘውን መርዝ ወደ ውሃው ይለቀዋል። መልካም አሳቢ የሆነ ሰው በትምህርቱ ብርታት የሰውን ጉዳት ሊያበዛ የሚችልበት ነገር ይህ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ አተላ የታየበትን ውሃ ማፍላት ሳይሆን መተው፥ ከብትንም ማራቅ፥ ሕፃናትንም በዚያ እንዳይዋኙ መከልከል ነው የሚገባው። በየዓመቱ ለጥምቀት ውሃ የሚያዘጋጁ አባቶችም፥ ቆሞ የሰነበተ ውሃ አረንጓዴ ሲይዝ አይተው ያውቃሉና፥ ኩሬውን በበዓሉ ዋዜማ በንጹሕ ውሃ ቢሞሉት መልካም ነው።

አረንጓዴው የሚበረታው ደግሞ በከንቱ አይደለም። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ፥ ከከተማ የሚወርድ እድፍ ውሃ፥ ከተራቆተ ኮረብታ የሚመጣ አፈር፥ ሁሉም ለእርሱ ቀለቡ ነው። ቀድሞ ጨለለቃ የሚባለው ረግረግ ከምሥራቅ የሚመጣውን ውሃ እያጠለለ ለሐይቁ ያቀርብ ነበር፤ ረግረጉ እየጠበበ በደለል እየተሞላ መሄዱን የአገሩ ሰው ሁሉ ያያል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የገባ ቀለብ ደግሞ፥ አስቀድመን እንዳልነው፥ መሄጃ የለውም።

መመርመሪያው ውድና ሩቅ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ዛሬ ማይክሮሲስቲንንም አናቶክሲንንም በውሃ ውስጥ ለመለየት በወረቀት ቍራጭ መልክ የተሠራ፥ አንድ የሠለጠነ ሰው በሐይቅ ዳር ቁሞ በአንድ ሰዓት ያህል የሚጨርሰው መመርመሪያ አለ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣና ስለ ውሃ ሕይወት የሚያስተምርባት ከተማ ናት፤ በሰበታም የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለን። ሊቃውንቱ አሉ፤ የጻፉትም አለ። የሚፈለገው፥ ጥናት በመጣ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፥ አረንጓዴው በሚበረታበት ወራት በየሳምንቱ ተለክቶ፥ ቍጥሩ በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ሳይቀር ወደ አሞራ ገደል እንዲደርስ ነው። በዓሣው ገበያ በር ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ይበቃል። የጤና ቢሮው፥ የውሃ ቢሮውና የከተማው አስተዳደር ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፥ የዚያኛው ነው እየተባባሉ እንዳያሳድሩት ደግሞ፥ አንዱ በስም ተጠርቶ ሊሾምበት ይገባል። እኛ በመሥሪያ ቤት የቆየን ሰዎች፥ የሦስት ቤት ሥራ የሆነ ነገር እንዴት የማንም ሥራ ሳይሆን እንደሚቀር እናውቃለን።

ወደ ሐዋሳ ዳግመኛ በሄድኩ ጊዜ ያንን ሰው መረቡን ሲጠግን አገኘሁት። ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኩት፤ ሥጋውን ከሆድ ዕቃው በሚገባ ለይቶ እንዲያጥብ፥ አረንጓዴው ከበረታበት ዳር የተያዘውንም ዓሣ በተለይ ጉበቱንና አንጀቱን ማንም እንዳይበላ እንዲያደርግ፥ መርዙ በነዚያ ከሥጋው ይልቅ ይከማቻልና፥ ነገርኩት። አድምጦ ከጨረሰ በኋላ፥ «አንጀቱንስ እኛ አንበላም፥ ጋሼ» አለና ወደ አሞሮቹ ተመለከተ። እኔም ወደዚያ ዞርኩ፤ አባ ኮዳዎቹ የተጣለውን አንጀት ይሻሙ ነበር።